የሩዋይዳ እጅ

ሰልሰቢል ሻሿን ስትፈታ ጸጉሯ ተሠርቶ ነበር። ሀጂራ በአንድ እጇ ሚዶ፣ በሌላው ቅባት እንደያዘች ሶፋው ላይ ክው ብላ ቀረች። ነገ ኢድ ነው። የልጅቷን ሹሩባ ልትሠራ ብላ ሱፐርቫይዘሯን ለምና፣ ኮሜርስ ሲቲ ከምትሠራበት መጋዘን የዛሬ ሺፍቷን ለሌላ ሰው ለቃ ነው የመጣችው።

"ማን ሠራሽ?"

"ሩዋይዳ።"

"ሩዋይዳ ደግሞ ማናት?"

"ከግሩፑ። ነግሬሽ የለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ የምንገናኘው።"

ሀጂራ የቤት ሥራ የሚሠሩበት መስሏት ነበር። ልጅቷን አዙራ አየቻት። መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ጉንጉኑ የስንዴ ዛላ መስሏል። ጠማማ ቢሆን ምንኛ ደስ ባላት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጸጉር ከእሷ በቀር የነካው ሰው አልነበረም።

"የምን ግሩፕ ነው እሱ?"

"ያለ እናት የሚያድጉ ገርልስ ናቸው" አለች ሰልሰቢል ስልኳን እየነካካች። "ሰፖርት ግሩፕ፣ እርስ በርስ የምንደጋገፍበት። ኢትስ ኖት ኤ ቢግ ዲል፣ እማ።"

"አንቺ እናት የለሽም?"

ልጅቷ ስልኳን ገልብጣ ሶፋው ላይ አስቀመጠች። የወለደቻት ዙልፋ የሀጂራ ታላቅ እህት ነበረች፤ ስትሞት ሰልሰቢል አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቷንም፣ ትምህርት ቤቷንም፣ ኩርፊያዋንም የተሸከመችው ሀጂራ ናት፤ "እማ" የሚለውንም ስም እሷ ወስዳዋለች። በሰልሰቢል ነገር እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት፤ አስተማሪ ልጅቷን አቅፎ ቢያመሰግናት እንኳ ይከፋታል። በሟች እህቷ ትቀናለች ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም። ትቀናለች። ዙልፋ አንድም ቀን ሳትቆጣ፣ አንድም ቀን ስልክ ሳትቀማ እናት ሆና ቀርታለች።

"ታዲያ ለኔ ለምን አታወሪኝም?"

"ስለ እናቴ ሳነሳ ተነስተሽ ኪችን ትገቢያለሽ። ሁሌም። እዛ ግን ማንም አይነሳም።"

ሀጂራ ሚዶዋን ይዛ ተነሳችና ኪችን ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አውሮራ ከተማ፣ ላይብረሪው ፓርኪንግ ውስጥ ሰልሰቢልን ካወረደቻት በኋላ መሄድ አቃታት። ያቺን ሩዋይዳን ልታያት ተከትላ ገባች። የክፍሉ በር ተዘግቷል፣ መስታወቱ በወረቀት ተሸፍኗል። ስታንኳኳ የከፈተችው ሰልሰቢል ናት፤ አይታት ደነገጠች።

ሻሻቸውን የፈቱ ስድስት ልጆች ምንጣፉ ላይ በተርታ ተቀምጠው እያንዳንዷ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ጸጉር ትሠራለች።

"አክስቴ ናት" አለች ሰልሰቢል። ሀጂራ ቃሉን እንደ ምንም ዋጠችው።

ከሁሉም ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ብድግ አለች። "እንኳን ደህና መጡ። ሩዋይዳ እባላለሁ።"

ሀጂራ ጠብ የምትገጥማት ሙሉ ሴት ነበር የጠበቀችው። ይቺ ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረች የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። የራሷ ጸጉር ደግሞ ተንጨፍርሯል።

"አንቺን ማን ይሠራሻል?"

"ትልቋ እኔ ነኝ። ከኋላዬ ሰው የለም" አለች ሩዋይዳ እየሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰልሰቢል ስለ እናቷ ምንም አታስታውስም። እርስዎ ያውቋቸዋል አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ሀጂራ በሩን አየች። ሰልሰቢልም አክስቷን አይታ፣ በሩን አየች።

ቅናቱ አልለቀቃትም። አሁን አፏን ከከፈተች ዙልፋ ከመቃብር ተነስታ የሀጂራ ቤት ትገባለች፤ እንከን የሌላት፣ የማትቆጣ እናት። ሀጂራ ጫማዋን አወለቀችና ከሩዋይዳ ኋላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"ነይ፣ ተቀመጪ። ሚዶ ስጡኝ።"

የልጅቷን ጸጉር ከመሃል ከፈለችው።

"ዙልፋ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር" አለች። ቀና ብላ ግን ያየችው ሰልሰቢልን ነው። "ሳቅሽ የሷ ነው። ከኔ የወሰድሽው አይደለም።"