ሙሉሽ ያልዋጠችው ኪኒን

ባንቺአየሁ ቆማ የምታልም ሴት ናት። ሌላው ሰው ለሕልም ትራስ ይፈልጋል፤ እሷ ግን እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ ሳሙና በሚታሸግበት ፋብሪካ፣ ጠርሙሱ በማሽኑ ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ዓይኗን ሳትከድን ጭልጥ ብላ ትሄዳለች። እጇ ክዳን ያጠብቃል፣ ልቧ ሌላ አገር ነው። አለቃዋ ዮሲ «ባንቺ፣ በሰላም ደረስሽ?» እያለ ይቀልድባታል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጠርሙስ እንኳ አምልጧት ስለማያውቅ ከቀልድ አልፎ አልተናገራትም።

በዚያ ሳምንት የምታልመው ታናሽ እህቷን ሙሉሽን ብቻ ነበር። ሙሉሽ የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት፣ ለጨረር ሕክምና ከጎንደር አዲስ አበባ መጥታ በሽማግሌው ዘመዳቸው በአያ ታደገ ቤት ካረፈች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ባንቺአየሁ የጨረር ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ሰልፍ ቀበቶው ላይ ታየዋለች። ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የሐኪም ወረቀታቸውን ይዘው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ በቀስታ ያልፋሉ። አንዳቸውም አይናገሩም። ሙሉሽ ከሁሉ ኋላ ትመጣለች፤ ልክ እሷ ፊት ስትደርስ ቀበቶው ወደመጣችበት ይመልሳታል።

እውነቱ ግን ከሕልሙ የባሰ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሙሉሽ ሆስፒታሉ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቃ፣ በሹክሹክታ የድምፅ መልእክት ላከችላት።

«እታለም፣ የደምሽ አቅም ወርዷል ብለው ጨረሩን ሁለተኛ ገፉብኝ። ያን ኪኒን ከተውሁት ወር ሊሆነኝ ነው። አያ ታደገ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ነን፤ የት ሁኜ ልዋጠው? ሐኪሙ ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ሲለኝ አያ ታደገ አጠገቤ ነበሩ። የለም አልሁ። ሰኞ ተመለሽ ብሎኛል።»

ያን ኪኒን ያለችው የኤችአይቪውን ነው። በሽታው እንዳለባት ከዘመድ የምታውቀው ባንቺአየሁ ብቻ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ሙሉሽ ከመንገድ ዳር ደውላ፣ እያለቀሰች ነግራታለች። ባንቺአየሁም አጽናናቻት፣ መከረቻት፣ መድኃኒቱን እንድትጀምር ለመነቻት። አንዲት ቃል ግን ለራሷ አስቀረች። «እኔም» አላለችም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እሷም ምሽት በምሽት ያንኑ ዓይነት ኪኒን ትውጣለች። ሐኪሟና ነርሷ እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም፤ ልጇ ሳፒር እንኳ የደም ግፊት ይመስላታል። ያቺን ዝምታዋን ባሰበች ቁጥር ታፍራለች።

አሁንስ ምን ብላ ትመልስ? ሙሉሽ ማንበብ አትችልም፤ የተጻፈላትን የታደገ ልጆች ናቸው ጮክ ብለው የሚያነቡላት፤ የድምፅ መልእክትም በዚያች ክፍል ውስጥ ሲከፈት ስምንቱም ይሰሙታል። ከእስራኤል ሲደወል ደግሞ ስልኩን ለብቻው ጆሮው ላይ የሚለጥፍ የለም። ስፒከሩ ተከፍቶ መሀል ቤት ይቀመጣል፣ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ሁሉም በየተራ ሰላም ይላል። ብቻዋን ላናግራት ማለት ምስጢር አለ ብሎ በአደባባይ እንደማወጅ ነው።

ዓርብ፣ ሰንበት ልትገባ አንድ ሰዓት ሲቀር፣ ደወለች። ሳፒር ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። በመስኮቱ ማዶ የካርሜ ጋት ሰፈር አዳዲስ ፎቆች በምሽቱ ፀሐይ ቀልተው፣ መሠረታቸው ጭጋግ ውስጥ ስለገባ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

«እንደምን ሰነበቱ አያ ታደገ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅሽ ደኅና ናት? ሙሉሽ ይችው አጠገቤ ናት። ሁላችንም አለን።»

ሁላችንም አለን ማለታቸው፣ ስፒከሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

«ሙሉሽዬ፣ ያን የራስ ምታት መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?» አለች ባንቺአየሁ፣ ያን ኪኒን በሽፍንፍን ለማንሳት።

«ኧረ እኔ ራሴን አያመኝም፣ እታለም» አለች ሙሉሽ በጥድፊያ።

«ሐኪሙ ሳያዝ ምንም አትነካም» አሉ ታደገ። «አቅሟ ደክሟል።»

ባንቺአየሁ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሰልፉ እንደገና መጣባት፤ ነጠላዎቹ፣ ወረቀቶቹ፣ ያ ድምፅ የሌለው አካሄድ። እስከ ዛሬ ዳር ቆማ የምታይ ይመስላት ነበር። አሁን ግን ራሷን ከሙሉሽ ኋላ ተሰልፋ አየች። ፈራች። ቢሆንም ተናገረች።

«አያ ታደገ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሁላችሁም ስሙኝ። እኔ ኤችአይቪ በደሜ አለ። አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ። በየቀኑ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኪኒኔን እውጣለሁ። ፋብሪካ ቆሜ የምውለው፣ ልጄን ያሳደግሁት በሱ ነው። እሱን ብተወው አቅሜ ያልቅ ነበር፤ ሌላ በሽታ ቢጨመርብኝ ሐኪምም አይችለኝም።»

«ኢማ?» አለች ሳፒር፤ እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ ከሶፋው ላይ ቀና ብላ። እናቷ ቆይ አለቻት በእጇ። ሳፒር አልቆየችም፤ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ጀርባዋን ያዘች።

ከዚያ ወገን፣ ከሩቅ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ተዋረድሁ ብላ አሰበች ባንቺአየሁ። ቀለል አለኝ ብላም አሰበች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያልሽኝ?» አለች ሙሉሽ።

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እኔም ሁለት ሰዓት ላይ ነበር» አለች። አላንሾካሾከችም። «ሻንጣዬ ውስጥ ነው ያለ፣ ከሥር፣ በካልሲ ጠቅልየው።»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሽማግሌ ርምጃ። ታደገ ዕድሜ ልካቸውን ለራሳቸው እንኳ ውሃ ቀድተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ገና ቀና ሲሉ ልጆቹ ይሮጡላቸዋል። አሁን ግን ማንም አልቀደማቸውም። የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት፣ ውሃውም ሲንቆረቆር በስፒከሩ መጣ።

«ሰኞ ለሐኪሙ አብረን እንነግረዋለን» አሉ። «እንች፣ በኔ ብርጭቆ ነው።»

ሙሉሽ ስትጠጣ፣ እስከ ታች ስትጠጣ፣ ቂርያት ጋት ድረስ ተሰማ።