ሞኝ ችግኝ

የዚያን ዓመት የሩዝ ችግኛችን የመንደሩን ሁሉ በልጦ ሲመዘዝ ባሌ ኢሱኬ የሚሆነውን አጣ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ለምን ገርጥቶ እንደ ክር እንደቀጠነ አልገባኝም።

ኢሱኬ ከሩቅ፣ ኒጋታ ከሚባል የባሕር ጠረፍ የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። አባቴ ቶራኪቺ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የቤታችንን ስም ሰጥቶ እንደ ልጁ እቤታችን አስገባውና ለእሱ ዳረኝ። እኛ ዘንድ «ሦስት እፍኝ ፉርሽካ ያለው ወንድ ሚስቱ ቤት አይገባም» ይባላል፤ የእኔው ግን አንድ እፍኝም አልነበረውም። የፊተኛውን ባሌን አባቴ በዓመቱ አባሮታል። ኢሱኬንም «ችግኙ ከተበላሸ ወደ አገርህ» ብሎታል። እኔ ደግሞ ይህን ሰው እወደዋለሁ።

አባቴ የችግኙን መደብ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ሞኝ ችግኝ! ቁመት ብቻ! ሳያፈራ ነው የሚደርቀው። ውሃውን ምን አደረግኸው፣ አንተ ዓሣ አጥማጅ?»

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት፣ አባባ።»

ኢሱኬ ገብቶ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ።  ውሃውን የለቀቅነው አብረን ነው፤ ጥፋቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ወዲያው ጎረቤታችን ኦካኔ ከማዶ ጮኸች። «ኢሱኬ! ምን ማዳበሪያ ነው ያስተማርከኝ? የእኔም እኮ ተመዘዘ! ባሌን ይህን አብልቼው ቢሆን ይኼኔ ጣራ ይነካ ነበር!»

ኢሱኬ ምንም አላስተማራትም። ዘሯን አይጥ በልቶባት ከአባቴ ጆንያ ነው የወሰደችው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የውሃው ሳይሆን የዘሩ ነበር። ያን ዘር ደግሞ ከአባቴ በቀር ማንም አይመርጠውም።

አባቴን አየሁት። ብናገር በጎረቤት ፊት አዋርደዋለሁ፤ ዝም ብል ባሌ ይሄዳል። 

አባቴ ግን ጭቃው ውስጥ ገብቶ ረጃጅሞቹን ይነቅል ጀመር። ኢሱኬ ጥቅሉን ጥሎ ተከተለው።

«የከርሞን ዘር አንተ ምረጥ» አለው አባቴ፣ ቀና ሳይል። ዘር መምረጥ የቤቱ ጌታ ሥራ ነው። ይቅርታ ይሁን ቁጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ የግብርና ሰዎች መጥተው ነገሩን አስረዱን። ዘሩ ላይ የሚኖር ሻጋታ ነው፤ ተክሉን የሚያስረዝም ነገር ያመነጫል፤ የተያዘውን ዘር በዓይን መለየት አይቻልም አሉ።

አባቴ ጥፋቱ የዓይኑ እንዳልነበረ ሳይሰማ ሞተ። እስከ ሞቱ ድረስ፣ እኛ ዘር ለመምረጥ በተቀመጥን ቁጥር፣ ዓይኑን እያሸ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር።