አንገት ያመጣው፣ ራስ የተከሰሰበት

ቢቸና ውስጥ ራሱን የታመመ ሰው ሐኪም አያጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው፣ አንዱ ሳይነስ ነው፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ክፉ መንፈስ ቢጤ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ሰው ሳይጠየቅ መናገሩስ የትም ያለ ነው፤ የሚያናድደው ሳይጠይቅ መናገሩ ነው። “የቱ ላይ ይጀምርዎታል? ምን ሲያደርጉ ነው የመጣው?” የሚል አንድ ሰው ጠፍቶ ቄስ ወልደ ሰንበት ስምንት ወር አለፋቸው።

ሕመሙ ከማጅራታቸው በቀኝ በኩል ይነሣል። በጆሯቸው ኋላ ወጥቶ ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ሄዶ ይቀመጣል። ግራውን ነክቶት አያውቅም። ለማሳረግ ወደ ሕዝቡ ዞር ሲሉ ይብሳል፤ ጎንበስ ብለው ሲያነቡም ይብሳል። ለዚህ ሕመም ዋግምት ተደርጎላቸዋል፣ መነጽር ተገዝቶላቸዋል፣ ማይግሬን ነው ተብሎ ክኒን ታዞላቸዋል፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጭንቅላታቸው በመሣሪያ ታይቷል። “ራስዎ ንጹሕ ነው” አሏቸው። ንጹሕ የተባለው ራስ ግን መታመሙን አልተወም። ከዚያ ወዲያ ማስታገሻ እንደ ቆሎ ይቅሙ ጀመር።

ሁሉንም በሌሎች ላይ መደፍደፍ ግን ትክክል አይሆንም። እሳቸውም የሚያውቁትን ደብቀዋል።

ባለፈው ጥምቀት የደብሩን ታቦት የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመልሰው ዳገት ረጅም ነው። ተሸካሚው ሲደክመው ምንጣፍ ተነጥፎለት ይቆማል፤ ለሌላ ካህን ያስተላልፋል፤ የኖረ ልማድ ነው። የዚያን ቀን ቄስ ፈረደ ተራ ሊቀበሉ ደጋግመው ቢጠጉ ወልደ ሰንበት በዓይናቸው መለሷቸው። ዳገቱን ብቻቸውን ሊጨርሱት ፈለጉ። ምን ያደርጋል፤ አጋማሹ ላይ ድንጋይ አደናቀፋቸው። ታቦቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሊያዘም የነበረውን ክብደት ሁሉ አንገታቸው ያዘው። ማጅራታቸው ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ተውጦ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ራስ ምታቱ በዚያው ሰሞን ጀመረ።

“ታቦቱ ከብዶኝ ተደናቀፍሁ” ማለት በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ታቦት የሚከብደው በምክንያት ነው ይባላል፤ ምክንያቱም በተሸካሚው ኑሮ ውስጥ ይፈለጋል። ስለዚህ ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። አሁን መስቀል አልፎ የደብሩ አለቃ መምህር አካለ ወልድ “ዘንድሮም አንተ ነህ አይደል?” ብለው ሲጠይቋቸው “እግዚአብሔር ያውቃል” ብለው አለፉት። እምቢ ቢሉ ለምን ይባላሉ። እሺ ቢሉና ዳገቱ ላይ ሕመሙ ዓይናቸውን ቢጋርደውስ? እሳቸው ቢወድቁ ግድ የለም፤ በራሳቸው ላይ ያለው ግን ታቦት ነው።

እኅታቸው ስንቄ ሞጣ ውስጥ እህል ነጋዴ ናት። ለመስቀል መጥታ ወንድሟን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ስታያቸው አልተማከረችም።

“ነገ ሞጣ እንሄዳለን” አለች።

“ሞጣ ደግሞ ምን ራስ የሚያይ አለ?”

“ራስ ሳይሆን አንገት የሚያይ አለ። ጋሼ፣ ሰው ሲጠራዎት እንደ በሬ በሙሉ ገላዎ ነው የሚዞሩት። የቢቸና ሰው ይኸን አላየም?”

“ወጌሻ ከሆነ አልሄድም።”

“እኔም ወጌሻ ብዬ ነበር። ሞጣ ሆስፒታል ያለችው ልጅ ግን አንገት ቁርጭምጭሚት አይደለም፣ ማንም እንዳይጠመዝዘው ብላኛለች።”

መኪናው ደብረ ወርቅን አልፎ በጉንደ ወይን በኩል ሲያንገጫግጭ ቄስ ወልደ ሰንበት መንገዱን የሠራውንም፣ ሹፌሩንም፣ እኅታቸውንም በየተራ ረገሙ። ስንቄ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ስንቄ ያለቻት ልጅ፣ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ብሩክታይት፣ ወጣት ናት። መስቀላቸውን ተሳልማ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ክኒንም ፎቶም አላነሣችም፤ ጠየቀች። የቱ ጋ ይነሣል? ጎን ይቀይራል? እጅዎን ይደነዝዝዎታል? እግርዎ ይከዳዎታል? ትኩሳት፣ መክሳት፣ የማየት ችግር አለ? ሁሉንም መለሱ። “እንዴት ጀመረ?” ስትል ግን፣

“እንዲሁ መጣ” አሏት።

“እሺ። ጥምጥምዎን ይፍቱልኝ አባታችን።”

“ያመመኝ ውስጡ ነው። ጨርቁ ምን አደረገሽ?”

“ይፍቱት እንጂ ጋሼ” አለች ስንቄ ከጥግ። “ራሰ በራ መሆንዎን አገር ያውቀዋል።”

እየተቆጡ ፈቱት። ብሩክታይት በጀርባቸው አስተኝታ ራሳቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው አጠፈችና ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። ዞረ። ወደ ቀኝ ስትሞክር ገና ከመነሻው ተቆለፈ። ከዚያ የራስ ቅል ከሚያልቅበት ዝቅ ብላ በቀኝ በኩል አውራ ጣቷን አሳርፋ ጫን አለች። ያ ወራት ሙሉ የሚያውቁት ሕመም ከጣቷ ሥር ተነሣ፤ በጆሯቸው ኋላ ወጣ፤ ዓይናቸው ላይ ተቀመጠ። ጣቷን ስታነሣ እየሳሳ ሄደ።

ቄስ ወልደ ሰንበት ቀና ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ የመጣባቸው ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው።

“ይኸን ሁሉ ጊዜ ራሴን ሲያገላብጡ አንገቴን በጣቱ የነካ አንድ ሰው የለም” አሉ።

“ራሴን አመመኝ ስለሚሉ ነው” አለች ብሩክታይት። “ከላይኛው አንገት የሚወጣው ነርቭና የፊት ነርቭ ወደ አንጎል ሲገቡ በአንድ በር ነው የሚገቡት። በዚያ በር ጩኸት ሲገባ አንጎል ከየትኛው ቤት እንደመጣ ይምታታበታል። ቃጠሎው አንገት ቤት ሆኖ ጭሱ ዓይን ቤት ይታያል። ግን እንዲህ ያለ አንገት እንዲሁ አይቆለፍም፤ አንድ ነገር ሆኗል። ካልነገሩኝ ደግሞ በድፍረት ልነካው አልችልም።”

እኅታቸውን አዩ።

“ስንቄ፣ እስኪ ውጪ።”

“ከቢቸና ድረስ ጎትቼ አምጥቼዎት?”

“ውጪ አልሁሽ።”

እያጉረመረመች ወጣች። ቄስ ወልደ ሰንበት ዳገቱን፣ ድንጋዩን፣ ቋ ያለውን ነገር ተናገሩ። ቄስ ፈረደን በዓይናቸው መመለሳቸውንም አልደበቁም። ሲጨርሱ ተግሣጽ ወይም ማባበል ጠብቀው ነበር።

“ታቦቱ ተነቃነቀ?” አለቻቸው።

“አልተነቃነቀም።”

“እንግዲያ አንገትዎ የተጎዳው ሥራውን ስለሠራ ነው።”

ጥምጥማቸውን አንሥተው ይጠመጥሙ ጀመር። እሷም አልጠበቀችም፤ አንገታቸውን ራጅ እንዲነሡ ላከቻቸው። የተሰበረ ነገር እንደሌለ ከታየ በኋላ ሕክምናው ተጀመረ። የተቆለፈውን መጋጠሚያ በእጇ በዝግታ ታላውሰዋለች፤ ድንገት መጠምዘዝ የሚባል ነገር የለም። ለቤት ደግሞ ሥራ ሰጠቻቸው፤ አገጭን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ትከሻን ከኋላ መሰብሰብ፣ መጽሐፉን ከጉልበት አንሥቶ በአትሮንስ ላይ ማንበብ። የየቀኑን ማስታገሻም ሐኪሙን አማክራ አስቆመቻቸው። እንደዚያ ሲዘወተር ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል አለች።

“ጥምቀት ላይስ?” አሉ ሲወጡ። ስንቄ በር ላይ ስለነበረች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እስከዚያ ጊዜ አለን። መሸከም አይችሉም አልልም። ብቻዎን ግን አይችሉም።”

ክኒኑን የተዉ ሰሞን ሕመሙ ባሰ። ቄስ ወልደ ሰንበት ስልክ አንሥተው እኅታቸው ላይ ጮኹ። “ልጅቱ ገና የሚብስ ቀን አለ ብላለች፤ እኔ ላይ የሚጮኹትን ያህል አንገትዎን ቢሠሩት እስካሁን ድነው ነበር” ብላ ዘጋችባቸው። እያኮረፉ ሠሩት። በየሳምንቱም ሞጣ ይመላለሱ ጀመር። ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ግድግዳ ተደግፈው አገጫቸውን ሲስቡ ቄስ ፈረደ አይተው፣

“አባ፣ ልጓም የገባለት በቅሎ መሰሉ” አሏቸው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ጠብ ነበር። ቄስ ወልደ ሰንበት ግን አገጫቸውን እንደሳቡ “ይሳቁ፤ እኔም እርስዎን ዞሬ ለማየት ነው የምለፋው” አሉ። እውነታቸውን ነበር። ኅዳር ሲያልቅ አንገታቸው ወደ ቀኝ ይዞር ጀመር፤ ሕመሙም በየቀኑ መምጣቱን ትቶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይል ነበር።

የቀረው ከብሩክታይት እጅ ውጪ ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መምህር አካለ ወልድ ዘንድ ገቡና ቆመው ተናገሩት። አልተቀመጡም፤ ከተቀመጡ የሚያለዝቡት መሰላቸው። ዳገቱ ላይ መደናቀፋቸውን፣ ተራውን መከልከላቸውን፣ ዓመቱን ሙሉ መዋሸታቸውን።

“ታቦቱ ጠልቶኝ ነው ብለህ ከርመሃላ?” አሉ ሽማግሌው።

“ሰው እንዲያ እንዳይል ብዬ ነው።”

“ሰውን ተወው። አንተስ?”

“እኔም እንደዚያው።”

መምህር አካለ ወልድ ተቆጡ። “ወልደ ሰንበት፣ ከመሬት የወጣ ድንጋይ እግርህን መታው። አባቶች በየአጋማሹ ምንጣፍ እንዲነጠፍ ያዘዙት ካህን ሥጋ ለባሽ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ያንን ምንጣፍ የናቅኸው አንተ ነህ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ላይ ታሳብባለህ።” ጥቂት ተነፈሱና፣ “ዘንድሮ ከፈረደ ጋር ትካፈላላችሁ። አሁን ተቀመጥ” አሉ።

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲነሣ በቄስ ወልደ ሰንበት ራስ ላይ ነበር። አገጫቸውን ሰብስበው፣ ትከሻቸውን ለቀው፣ እግራቸው ሥር ያለውን እያስተዋሉ ወጡ። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ማጅራታቸው ጨምደድ ማድረግ ጀመረ። ሕመም ሳይሆን ድካም ነበር፤ ልዩነቱን ተምረውታል። ከፊታቸው ያለው ዳገት ያጓጓ ነበር፤ ሕዝቡም ገና በሆታ ላይ ነበር። ትንሽ መግፋት ይችሉ ነበር።

ቆሙ። ምንጣፍ ተነጠፈ። በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ቄስ ፈረደ ቀርበው ተቀበሉ።

ቀሪውን መንገድ በታቦቱ ቀኝ እየሄዱ፣ አንዴ ወደ ዘማሪዎቹ አንዴ ወደ ፈረሰኞቹ ዞር እያሉ ወጡ። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ መምህር አካለ ወልድ በቅጽሩ ውስጥ አገኟቸው።

“እንዴት ነህ?”

ቄስ ወልደ ሰንበት ማጅራታቸውን በእጃቸው ያዝ አድርገው አሰቡ።

“አንገቴ ደክሟል። ራሴ ግን ደህና ነው።”