ለቆሽት የተሰጠ ትእዛዝ

ወንድሜ ዲጋምባር ከቆሽቱ ጋር ያወራል ብላችሁ አታምኑኝም። ግን ያወራል። ስኳር በሽተኛ ነው፤ ጧት ጧት ሰገነት ላይ ይወጣና እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ «ስኳሩን ወደ ቦታው መልስ፤ አዝዤሃለሁ» ይላል። የከተማችን የናግፑር ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ቆሽቱ ብቻ አይሰማውም።

ይህን ያስተማረው ጉሩ ኦምካርናት የሚሉት መንፈሳዊ መምህር ነው። ትናንት የውሃ ማጣሪያ ይሸጥ የነበረ ሰውዬ፣ ዛሬ «ሕዋስ የጌታውን ቃል ይሰማል፤ የአቶም ሳይንስ አረጋግጦታል» እያለ አዳራሽ ይሞላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሕዋሱን ያስቀይማል ይላል። ዲጋምባርም ኢንሱሊኑን ተወ። የእግሩ አውራ ጣት ቆስሎ መጥቆር ሲጀምር ግን እኔ ቆሽቴ አረረ።

«አንተ፣ እግርህ ሊቆረጥ ነው እኮ» አልኩት።

«እትዬ፣ ያቆሰለው ያንቺ ጥርጣሬ ነው። ሕዋሴ ይሰማሻል።»

«ይስማኝ። ለእሱም የምለው አለኝ።»

የጉሩዎች በዓል ዕለት ሰውዬው ቤታችን ተጋበዘ። እንደ ወጉ ደቀ መዛሙርቱ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ያጎርሱት ጀመር። የደቀ መዝሙሩን ጉርሻ የሚመልስ ጉሩ የለም፤ ደግሞ ስኳር ለሚታዘዝለት ሰው ምን ቸገረው? ላዱው በቅቤ የተጠበሰ፣ በስኳር የተለወሰ፣ ጡጫ የሚያክል ነው። መጀመሪያ ፈገግ እያለ ዋጠ። ኋላ ላብ አጠመቀው። ሰልፉ ግን ገና ደጅ ድረስ ነበር። በመጨረሻ «ትንሽ ላሰላስል» ብሎ ብድግ አለና ወደ ጓዳ ገባ።

ሻይ ላመጣ ብዬ ብከተለው፣ ረጅም ሸሚዙን ገልቦ ሆዱ ላይ መርፌ ሰክቶ ቆሟል። ኢንሱሊን ነው። ወንድሜን ስወጋ ኖሬ እሱን አልስተውም።

«ቆሽትዎ ዛሬ አልታዘዝ አለ?» አልኩት።

አላፈረም እኮ። ሸሚዙን እያወረደ፣ «እህቴ፣ ብትናገሪ ማን ያምንሻል? ደቀ መዛሙርቴ የኛን ሕመም ተሸከመልን ነው የሚሉት» አለ።

እውነቱን ነው። ዲጋምባር በዓይኑ ቢያይ እንኳ የጉሩውን እግር ይዞ ያለቅስ ነበር።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኩ። «አታለልኳችሁ ይበሉ አላልኩም። ወንድሜን መርፌህን ውሰድ ይበሉልኝ።»

«ሰው ፊት እግሬን ከነካሽ» አለ።

አናቱን በላዱው ትሪ ብለው ደስ ባለኝ። አማቴ ከሞተች ወዲህ ለአክብሮት ብዬ የማንንም እግር ነክቼ አላውቅም። ግን የዲጋምባር ቁስል ሽታ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ወጣን። ሁሉም እያየኝ ጎንበስ ብዬ እግሩን ነካሁ፤ የነካሁበትንም እጅ ግንባሬ ላይ አደረግኩ። ዲጋምባር በደስታ አነባ።

ጉሩው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሕዋሳት አዲስ መልእክት ልከዋል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ መርፌም አገልጋያቸው ነው። መድኃኒት ያለው ይውሰድ። ቁስል ያለውም ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፍሪጅ ውስጥ ደብቄ ያቆየሁትን ኢንሱሊን ሳወጣ ዲጋምባር እያነከሰ መጣና ሸሚዙን ገለበ።

«እትዬ፣ ሰማሽ? ይሄ ሰው አምላክ ነው።»

መርፌውን ሞላሁ።

«ሰማሁ፣ የኔ ወንድም» አልኩት። «ዝም ብለህ ቁም።»