አልረጋ ያለው ፊት

ሃፍሳ እናቷ የሞተች ዕለት አላለቀሰችም። እህቷ ከወሎ ዓረብ አገር ድረስ ደውላ ስታረዳት "ኢና ሊላሂ" አለችና ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሩዟ ተመለሰች። ለአሠሪዋ ለማዳም እንኳ አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት? ደረቷ ውስጥ ምንም የለም!

ጁምዓ ዕለት ባጥሐ በሚባለው ሰፈር፣ ጓደኛዋ ሸምሲያ ቤት፣ ያገሯ ልጆች ለቅሶ ሊደርሷት ተሰበሰቡ። እነሱ ሲንሰቀሰቁ ባለ ሐዘኗ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። "የሞተችው የወለደቻት እናቷ አይደለችም እንዴ? ምን ዓይነት አንጀት ነው!" አለች አንዷ። ሃፍሳ ሰማች፤ አልከፋትም። አለመከፋቷ ነው ያስፈራት። ለእናቷ አንዲት እንባ ሳታወጣ ልትቀር ነው።

ድንዛዜው የመጣው ከራስ ማዞር ሕመሟ ጋር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ከእግሯ ሥር ትሸሻለች። የማዞር ኪኒን የታዘዘላት ለጥቂት ቀን ነው፤ እሷ እቴ፣ ሺፋ ሰፈር ካለው ፋርማሲ እየገዛች ቀጠለችበት። ማዞሩን ያደነዝዘዋል፤ እሷንም አብሮ። አንገቷንም ትራስ እንደጎዳው ሰው ገትራ፣ ዞር ሳትል ትሠራለች። ዞር ብትል ትወድቃለቻ!

ከለቅሶው በኋላ ደረጃ ላይ ስትወድቅ ማዳም ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ ጆሮዋንና ዓይኗን መርምሮ ሚዛኗ የተዛባው ከጆሮዋ እንደሆነ፣ ቀዶ ጥገናም እንደማያስፈልጋት ነገራትና ወደ ሰብለ መራት። ሰብለ ሚዛናቸውን ለሳቱ ሰዎች እንቅስቃሴ የምታሠራ ያገር ልጅ ናት።

"እህቴ፣ ማዞሩን ያቆየሽው እየሸሸሽው ነው" አለቻት ሳትሸፋፍን። "ኪኒኑን ሐኪሙ እንዳለሽ ቀስ በቀስ ተዪው። አንድ ነገር ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ ዓይንሽን ከሱ ሳትነቅዪ ራስሽን ቀኝ ግራ አዙሪ።"

"ያዞረኛል እኮ!"

"ያዙርሽ። አንጎልሽ የሚለምደው እንደዚያ ነው።"

ሃፍሳ ሌላ የምትለጥፈው ስታጣ የእናቷን ጉርድ ፎቶ ኩሽና ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ለጠፈች። ጠዋትና ማታ ራሷን ትነቀንቃለች። የእናቷ ፊት ግን ይሸሻል፤ አፍንጫው ካይኑ ይደባለቃል። ያቅለሸልሻታል፣ ተደግፋ ትቆማለች፣ ያላ፣ በይ እንግዲህ ብላ እንደገና ትጀምራለች። ያኔም ስለ እናቷ ምንም አልተሰማትም። ሳህን እንደማጠብ ያለ ሥራ ነው።

ሳምንታት አለፉ፤ ኪኒኑም ቀስ በቀስ ቀረ። አንድ ከሰዓት፣ ራሷን ቀኝ ግራ ስትል፣ ፊቱ ረጋ። ከቅንድቡ በላይ ያለችው ጠባሳ፣ ፎቶ አንሺው ፊት ለመኮሳተር የተነፋው ጉንጭ፣ ሁሉም ጥርት አለ። እናቷ ናት። ቁጭ እሷው! ሃፍሳ ራሷን መነቅነቅ ልታቆም ብትል አልቆም አላት፤ እንቢ፣ እንቢ የምትል ትመስላለች።

"ውይ እማዬ! ውይ እናቴን!" ብላ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። እንባው ወረደ።

ማዳም እየሮጠች ገባች። "ምነው? አዞረሽ?"

"ላ፣ አይደለም ማዳም። እናቴ ሞተች።"

"ያ አላህ! መቼ?"

"አሁን" አለች ሃፍሳ።