ካባው ሳይለበስ

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ! ዛሬ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ፤ በባልዲ ራስሽን ፈንክተሽ እንዳታስለቅሺን!"

እማማ ባይ ናቸው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ የሚጮሁት። ሹዩን በርጩማ ላይ ቆማ፣ ቂጡ የተበሳውን ባልዲ ጣሪያው ላይ ልትሰቅል ትታገላለች። እዚህ መስጂድ ውሃ ከላይ ሲወርድ ነው ትጥበት የሚባለው። ሌላ ቀን ቢሆን ዓይኗን ጨፍና ትሰቅለው ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለቴ ከመንጠቆው ሳተችው!

ዛሬ ካባ ልትለብስ ነዋ! ያ አረንጓዴ ካባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ የጠለፈው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ይደረብላትና እሷም እንደ እማማ ባይ አሆንግ ትሆናለች፤ የሴቶቹ መስጂድ ኢማም። እማማ ባይ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። እሷ ካልተካቻቸው በሩ ይዘጋል፣ በቃ።

ወንድሟ ዌንቦ ደግሞ እንዲዘጋ ይፈልጋል።

ባልዲውን ሰቅላ ገና ከበርጩማው ሳትወርድ ግቢው በር ላይ ሆኖ ጠራት። ሮጣ ሄደች። ከአረብ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ከመጣ ወዲህ ፂሙ አድጓል፣ ድምፁ ግን ያው ነው፤ ያ ጣቷን ይዞ "ይሄ አሊፍ ነው፣ ይሄ ባ ነው" እያለ ያስተማራት ድምፅ።

"እህቴ፣ እኔ ክፉሽን ፈልጌ መሰለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ ወንድምጋሼ።"

"የተማርኩበት አገር ሴት ኢማም የሚባል ነገር አላየሁም። አያቶቻችን ከሊቃውንት ርቀው ሲኖሩ ያመጡት ነው። ዲናችንን እናጥራ ካልን ከራሳችን ቤት እንጀምር። ለሴቶች በእኛ በወንዶቹ መስጂድ ፎቅ ላይ ቦታ አዘጋጅተናል፤ መጋረጃ አለው፣ ማሞቂያ አለው። ምን ጎደለ?"

"እኔ እንጃ" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

"ካባውን ከለበስሽ ድግስሽ ላይ ቁርኣን አልቀራልሽም። ወጥቼ እሄዳለሁ። ካልለበስሽ ግን ከጎንሽ ነኝ።"

ወይኔ! ከልጅነቷ ጀምሮ ይቺን ቀን ስታልማት የእሱ ቂርኣት ያልተሰማበት ጊዜ የለም። ልቧ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ።

የዙህር አዛን ተባለ። ሴቶቹ ገቡ፣ ሰገዱ፣ ሹዩንም ከእማማ ባይ ኋላ ሰገደች፤ ግንባሯ ምንጣፉ ላይ ሆኖ እንኳ ሐሳቧ በር ላይ ነበር። ስትወጣ ቆርጣለች። አትለብስም። ማን ይሙት፣ ወንድሟን አስከፍታ ምን አሆንግ ትሆናለች?

ግቢው ውስጥ እማማ ሻ ብቻቸውን ለድግሱ ቂጣ ይጠብሳሉ። እሳቸው ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው። ሶላት ሲደርስ "ሂዱ ሂዱ፣ እኔ ከመጣሁ ዘይቱ ይቃጠላል!" ይላሉ፣ ሰዉም ይስቃል።

"ነይ ቅመሺ፣ ምነው ፊትሽ እንደ ከሰረ ነጋዴ?"

"ምንም እማማ።"

"ወንድምሽ በር ላይ ያለሽን ሰማሁ። አትለብሺም፣ አይደል?"

ሹዩን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አሮጊቷ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረዱ። ግራ ቀኝ አዩ።

"ከለበስሽ በኋላ ልጠይቅሽ ነበር ያሰብኩት። ካልለበስሽማ ማንን ልጠይቅ፤ ዛሬውኑ ልጠይቅሽ።"

"እማማ ባይ አሉ አይደል?"

"ባይማ ጆሮዋ ደክሟል። ለሷ የነገርኩት ለገበያው ሁሉ ነው!" ሳቁ። ሳቁ ግን ከአፋቸው አላለፈም። "ማህፀኔ ወርዷል ልጄ። ሽንት አይዝልኝም። ታጥቤ ሳልጨርስ ያመልጠኛል። ርኩስ ሆኜ አላህ ፊት እንዴት ልቁም ብዬ... ሶላት ከተውኩ ሁለት ረመዳን አለፈ።"

ዘይቱ! ለካ ዘይቱ ምንም አልነበረም!

ሹዩን የተማረችው አለ፤ ግን በዚህ ነገርማ መሳሳት አያምርባትም። ተነስታ ግቢው በር ላይ ወደ ቆመው ወንድሟ በረረች።

"ወንድምጋሼ፣ አንድ ሴት ሽንት የማይዝላት ብትሆን ሶላቷ እንዴት ነው?"

ዌንቦ ፊቱ ቅላት ለበሰ፤ ቢሆንም ሳያመነታ መለሰ። "የሶላቱ ጊዜ ሲገባ ታጥባ ውዱእ ታደርጋለች፣ ትሰግዳለች። መሃል ላይ ቢያመልጣትም ሶላቷ አይበላሽም። ያለፋትን ሶላት ቀስ እያለች እየሰገደች ቀዷ ታውጣ። አላህ ከአቅሟ በላይ አላዘዛትም።"

"እኔም እንደዛ ነበር የተማርኩት" አለች፣ ትንፋሿ ተመለሰ።

"ማናት? ለምን መጥታ አልጠየቀችኝም? አላሳፍራትም እኮ።"

"አታሳፍራትም፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣችም። ፎቁ ላይ ማሞቂያ ቢኖርም አትመጣም።"

ዌንቦ ፂሙን እየዳሰሰ ወደ ግቢው አየ።

ሹዩን ተመልሳ እማማ ሻን በክንዳቸው ያዘች። "ይነሱ እማማ። ዙህር ገና አላለፈም።"

"እንዴ፣ ድግሱስ? ቂጣውስ?"

"ይቃጠል!"

የተሰቀለውን ባልዲ በሞቀ ውሃ ሞላችው። በሩን ዘግታ አጠበቻቸው፣ ጀርባቸውን፣ እግራቸውን፣ እንደ ሕፃን። አሮጊቷ ከውሃው በታች ያለቀሱ መሰላት፤ አልጠየቀችም። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቆሙ፤ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ከንፈራቸው አንዲት ቃል አልረሳም።

ውጭ ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፤ እማማ ባይ "የት ገባች ይቺ ልጅ?" ይላሉ። ሹዩን ወጣች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል።

ካባው ወንበር ላይ ነው። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል፤ ይሂድ ይቆይ አይታወቅም።

አልጠበቀችውም። ካባውን በእርጥብ እጇ አነሳችው።

"እማማ ባይ፣ ያልብሱኝ" አለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ።