የካፒቴን ቀኝ እግር

ካፒቴን ማነከስ የጀመረው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ብሪዳ መጀመሪያ ላይ አላመነችም። ለዚህ ውሻ ብላ ያልፈራችው በሽታ የለማ! ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ ቁጥቋጦ በጫረው ቁጥር ይተረተራል። ገላው ላይ ስብ የሚባል ነገር ስለሌለ ብርድ አይችልም፤ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ልብስ ታለብሰዋለች። ጥርሱ ቶሎ ስለሚበሰብስ በየቀኑ አገጩን ይዛ በብሩሽ ትፍቅለታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባታል። ይሳቅ! እሷ ስለ ጥርሱና ስለ ሆዱ ስትጨነቅ ግን እግሩ ከዳት።

ካፒቴን ግሬይሀውንድ የሚባለው የሯጭ ውሻ ዘር ነው፤ አራት ዓመት በውድድር ሜዳ ሮጦ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ እግሮቹን ሰቅሎ የሚተኛ። ባሏ ኮን ካሰለጠናቸው ውሾች የመጨረሻው እሱ ነው። ኮን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። የቀሩትን ውሾች የባሏ ወንድም ሞሲ ወሰዳቸው፤ ይሄን አንዱን ግን ብሪዳ "ከቤቴ ንቅንቅ አይልም" ብላ አስቀረችው። ያስቀረችውም ከነልማዱ ነው። ኮን በሕይወት ሳለ፣ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ በየጠዋቱ ውሾቹን ይዞ በአስፋልቱ እስከ ድልድዩ ይሄድ ነበር። "የውሻ እግር የሚጠነክረው በአስፋልት ነው" ይላል። በቲፐሬሪ ውሻ የሚያሰለጥን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። ብሪዳም ያን መንገድ እንደ ዳዊት ያዘችው፤ አንድ ቀን ሳታጓድል ከካፒቴን ጋር ድልድዩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ኮንን እዚያ መንገድ ላይ የምታገኘው ይመስላታል።

እግሩ ሲያነክስ የጠራችው ሞሲን ነው። ሞሲ የውሻ ወጌሻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከሊመሪክ እስከ ዋተርፎርድ፣ ያነከሰ ሯጭ ውሻ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ አውራ ጣቶች ነው። ካፒቴንን ኩሽና ውስጥ አቁሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ዳሰሰው።

"ትከሻው ነው" አለ። "ጅማቱ ተቆጥቷል። በቅባት እሺውና አሳርፊው።"

ብሪዳ አሸች። ቤቱ ሁሉ ቅባት ቅባት እስኪሸት አሸች። ሳምንት ሙሉ ከቤት ሳታወጣው ቆየች፤ ተሻለው። እሰይ ብላ ወደ አስፋልቱ ስትመልሰው፣ በሦስተኛው ቀን ቀኝ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ።

ሞሲ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። እንደገና ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ዳሰሰው። የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ተነሳ።

"ብሪዳ፣ ይሄ አጥንት ነው።"

እንዲህ ያሉ ረጃጅም ውሾች ያሏቸው ሰዎች ከምንም በላይ የሚፈሩት የአጥንት ካንሰርን ነው። ሲጀምር እንዲህ ነው፤ ተሻለው ሲሉት ተመልሶ ማነከስ።

"ሮዚንም የጀመራት እንዲሁ ነበር" አለ ሞሲ።

ሮዚን ባያነሳት ምናለ! ሮዚ የኮን የዐይን ብሌን ነበረች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሦስት ወር አነከሰች፤ ሞሲ ዳሰሳትና "አጥንት" አለ፤ ወንድማማቾቹም በሞሲ መኪና ይዘዋት ሄደው ባዶ ገመድ ይዘው ተመለሱ። ብሪዳ በኩሽናው መስኮት ታይ ነበር። ሮዚ መኪናዋን ስታይ ለሽርሽር የጠሯት መስሏት ሳሩን እየጋለበች አቋርጣ ነው የመጣችው። ኮን ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ከዚያ በኋላም ስሟን አንስቶ አያውቅም።

"ሰኞ መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ" አለ ሞሲ።

"ምን ልታደርግ?"

"ምን እንደማደርግማ ታውቂያለሽ።"

"ሞቼ ነው ቆሜ!"

"ብሪዳ፣ ኮን እንስሳ አያሰቃይም ነበር። ደግሞስ በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ግማሹ የእኔ አይደለም?"

"የትኛው ግማሽ? የኋላው ከሆነ ዛሬውኑ ውሰድልኝ፤ ሶፋዬ ላይ የሚፈሳው እሱ ነው!"

የሞሲ ከንፈር ለሳቅ ከጀለና ተወው። "ሰኞ" ብሎ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ብሪዳ ታውቃለች። ያበሳጫትም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በመጥረጊያ ታባርረው ነበር።

በማግስቱ ውሻዋን ይዛ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኦርላ ዘንድ ሄደች። ራጅ ለማንሳት ማደንዘዝ የግድ ነው ተባለች።

"ስሚኝ ልጄ" አለች ብሪዳ። "ይሄ ስብ የለውም። እንደ ሌላው ውሻ ለክተሽ ማደንዘዣ ብትሰጪው አይነቃም።"

"አውቃለሁ ወይዘሮ ብሪዳ፤ ይረጋጉ።"

"አልረጋጋም! ግን እጠብቃለሁ።"

ጠበቀች። ካፒቴን እየተንገዳገደ፣ ምላሱን አውጥቶ ሲመጣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አቀፈችው።

"አጥንቱ ላይ ምንም አላየሁም" አለች ዶክተር ኦርላ። "ግን አልዋሽዎትም፤ ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ከወር በኋላ እንድገመው።"

ከወር በኋላ! ሰኞ አራት ቀን ነው የቀረው። ብሪዳ ቤት እንደገባች ሞሲ ጋ ደወለች።

"ራጁ ንጹሕ ነው!"

"ታዲያ ለምን ያነክሳል?" አለ ሞሲ።

ብሪዳ መልስ ስላጣች ብቻ ውሻዋን አሳልፋ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ስልኩን ዘግታ ካፒቴንን ስታየው አንድ ነገር ገባት። ሰው ሁሉ ይሄን እግር ዳሰሰው እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ አላየውም። "እኔ አየዋለሁ" አለች ጮክ ብላ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዐይኗን ከእግሩ አልነቀለችም፤ ሲተኛም፣ ሲነሳም፣ ሲሸናም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዷ ካፒቴንን ይዛ ኮን መቃብር ሄደች። ካፒቴን አስፋልቱን እያነከሰ አለፈው። የመቃብሩ በር ላይ ያለው ኮረት ላይ ሲደርስማ ጭራሽ በሦስት እግሩ ሆነ። ወደ ኮን የሚወስደው ረጥቦ የለመለመ ሳር ነው። ካፒቴን ሳሩን ሲረግጥ እግሩን አወረደና ቀጥ ብሎ ሄደ።

ብሪዳ ቆመች። ወደ ኮረቱ መለሰችው፤ አንጠለጠለ። ወደ ሳሩ ወሰደችው፤ አወረደ። ደግማ መለሰችው። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ቆሞ አያት፤ "ምስኪን፣ ሐዘን አዞራት" ያለም አይጠፋም። ይበል! ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሰባቱንም ጊዜ ያው ነው።

"የታመመ አጥንት ሳርና ድንጋይ ይመርጣል እንዴ?" አለች።

ከኮን መቃብር አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። እግሩን ገለበጠችና ጭቃውን በሻርፗ ጠረገችው። ከመሃለኛው ጣት ሥር፣ ከመዳፉ ውስጥ፣ አተር የምታህል ክብና ነጭ ነገር ተቀብራለች። የደደረ ቆዳ ናት፤ ድንጋይ ሆናለች። ጫን ስትላት ካፒቴን መቃብሩን በጩኸት አናጋው።

"ይቅር በለኝ የኔ ጌታ፣ ይቅር በለኝ!" እያለች አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ንዴቷም እንዲሁ። ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ናት እኮ! በየጠዋቱ በአስፋልት እየጎተተች ያጠነከረቻት ደግሞ ራሷ ናት። ቀና ብላ የባሏን ድንጋይ አየችው። "ኮን፣ አስፋልትህ ነው" አለችው። "አንተም አላወቅህም፣ እኔም አላወቅሁም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚያ መንገድ አልሄድም።"

ከዚያ በቀጥታ ሞሲ ቤት ሄደች። ምሳ ላይ ነበር፤ ድንቹን እየላጠ።

"ተነስ!" አለችው ከበሩ። "ጣትህን ተወውና መነጽርህን አምጣ!"

ሞሲ መነጽሩን አድርጎ ተንበረከከ። አየ። በአውራ ጣቱ ጫፍ ነካት፤ ካፒቴን ጮኸ፤ ሞሲ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ።

"እኔ..." አለ። "ሯጭ ውሻ የሚጎዳው ትከሻው፣ ጭኑ ነው። ውሻ አነከሰ ካሉኝ እጄ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። አርባ ዓመት እግር ገልብጬ አላውቅም።"

"ገልብጠው እንግዲህ! አስፋልት ላይ ያነክሳል፣ ሳር ላይ አያነክስም። ሰባት ጊዜ አየሁት።"

"ሳር ላይ አያነክስም?"

"አያነክስም።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ አልኩህ እኮ!"

ሞሲ ከወለሉ አልተነሳም። ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ ሲመስል ብሪዳ አየችው።

"ሮዚ" አለ።

ብሪዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሳሩን አቋርጣ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ አላነከሰችም" አለ ሞሲ። "የመኪናውን በር ከፍቼ የያዝኩላት እኔ ነኝ።"

ብሪዳ ለዚህ ሰው የሚሆን የአሥራ ሁለት ዓመት ንግግር ሆዷ ውስጥ ነበራት። አፏ ድረስ መጣ። ሞሲን ስታየው ግን ወለሉ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ ረጥቧል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለማን ይበጃል? ዋጠችው።

"ነገ ሰኞ ነው" አለችው። "መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ ብለህ የለ? ይዘህ ና። ሐኪም ቤት ታደርሰናለህ።"

ዶክተር ኦርላ ያለ ማደንዘዣ፣ በትንሽ ምላጭ፣ ዙሪያዋን ልጣ አተሯን ፈነቀለቻት። "እግሩን ገልብጬ ማየት ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "በእነዚህ ውሾች ላይ ተመልሳ የምትወጣ ነገር ናት። ጠንካራ መንገድ ላይ አይሂድ።"

ሲመለሱ መገንጠያው ላይ ሞሲ ከልማዱ መሪውን ወደ ድልድዩ ሊያዞር ሲል ብሪዳ ክንዱን ያዘችው።

"ወደ ሜዳህ ንዳው።"

ያ ሜዳ ሞሲ የውድድር ቡችሎቹን ብቻ የሚያሮጥበት፣ ለማንም የማይከፍተው ሜዳ ነው። ሰንሰለቱን ራሱ ወርዶ ፈታው። ብሪዳ ካፒቴንን እስከ ወዲያኛው አጥር ወስዳ ለቀቀችው። ካፒቴን ዞር ብሎ የሞሲን መኪና አየ፤ ከዚያ ያን ሁሉ ሳር በአራት እግሩ እየጋለበ ወደ መኪናው መጣ።

ሞሲ የመኪናውን የኋላ በር ይዞ ቆሞ ነበር። ውሻው ሲቃረብ በሩን ዘጋው፤ ተንበረከከና ሁለት እጁን ዘረጋ።